አገር ስጠኝ፦ ከወሎ ሰፈር እስከ ደሴ

ኮተቤን አልፈን ካራ ስንደርስ ገና ጎህ አልቀደደም። ከሚኒባሱ የኋላ ወንበር የቀኑ የመጀመሪያ እንቆቅልሽ ተወረወረ።

«እንቆቅልህ!» አለች ትልቋ ልጅ።

«ምን አውቅልሽ!» አለ ወንድሟ።

«ስንሄድ ይሄዳል፣ ስንቆም ይቆማል፤ አቧራ ግን አያስነሳም።»

ልጁ «ውሻ» አለ። ውሻ እንዲህ ርቆ አይሮጥም ተባለ። «ጥላ» አለ። በጨለማ ጥላ ከየት መጣ ተባለ። ትንሽ ቆይቶ እጅ ሰጠ፤ እህቱም ስትጠብቀው የነበረውን ቃል አወጣችው፦ «አገር ስጠኝ!»

«ኮምቦልቻን ሰጠሁሽ።»

«አይሆንም! ኮምቦልቻ ገና ነው። ያለፍነውን ብቻ ነው የምትሰጠው።»

የዚህ ቤተሰብ የመንገድ ሕግ ይኼ ነው። መኪናው ያላለፈው አገር አይሰጥም። ስለዚህ ልጁ በዚያ ሰዓት በእጁ ያለው ሀብት ትንሽ ነበር፦ መገናኛ፣ ላምበረት፣ ኮተቤና ካራ። አስቦ አስቦ ላምበረትን ሰጠ። እህቱም በደንቡ መሠረት ገዛችበት፦ «ላምበረት ገብቼ፣ መናኸሪያው በሙሉ የኔ ሆኖ፣ የደሴን አውቶብስ በነፃ ከፊት ወንበር ተሳፍሬ፣ አንተን ከሻንጣ ጋር ጣሪያ ላይ አስጭኜ... መልሱ ጨረቃ ነው!» ልጁ ዞሮ በኋላ መስኮት አየ። ጨረቃዋ ጥለነው በመጣነው ከተማ ላይ ነበረች፤ እውነትም ትከተለናለች።

ወሎ ሰፈርን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከቦሌ መንገድ ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና መንገድ የሚነሳው ከዚያ ነው። ስሙ እንደሚናገረው ከወሎ የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ነው። አሁን ፎቅና ካፌ ሞልቶታል፤ ቢሆንም በዓል ሲቃረብ ሻንጣ የሚያስጭን፣ ለዘመድ የሚላክ ቡናና ስኳር የሚቋጥር ቤት አልጠፋም። እዚያ ተወልደው ላደጉት ልጆች ግን ወሎ ከሁሉ በፊት የታክሲ ረዳት እየጮኸ የሚጠራው ፌርማታ ነው። የአያቶቻቸው አገር 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ይገኛል፤ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ቀን ይፈጃል፤ ቀኑን ሙሉ ደግሞ ልጅ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ዝም አይልም።

ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ አንድ የሰፈሬ ቤተሰብ ሚኒባስ ተከራይቶ ለዘመን መለወጫ ወደ ደሴ ሲሄድ አብሬያቸው ተሳፈርኩ። አባትና እናት፣ ሦስት ልጆች፣ የአባትየው እናት፣ ሾፌሩና እኔ ነበርን። ብዙ ቤተሰብ ለዚህ ዓይነት ጉዞ ያለው መላ አንድ ብቻ ነው፤ ስልኩን ለልጆቹ መስጠት። እዚህ ቤት ስልክ የሚወጣው ለፎቶ ነው። እናትየው ምክንያቷን ስትነግረኝ አጭር ነበረች፦ «ስልክ ከሰጠኋቸው ደሴ ሲደርሱ ከቤት ያልወጡ ያህል ነው።» እኔም በዚህ አምናለሁ። እንዲያውም ከዚያ አልፌ እላለሁ፤ አያቶቻችን ያቆዩልን የቃል ጨዋታ ለረጅም መንገድ ተብሎ የተሠራ ያህል ይመቻል። ሰሌዳ አይፈልግ፣ ካርድ አይፈልግ፣ ባትሪ አይፈልግ። እንቆቅልሽ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ምክንያቱም ተሸናፊው የሚከፍለው በአገር ነው፣ አገሩም በመስኮቱ በኩል እያለፈ ነው።

እንቆቅልሽና ረጅም መንገድ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። ንግሥተ ሳባ ያን ሁሉ በረሃ አቋርጣ ኢየሩሳሌም የደረሰችው ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው እንደነበረ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 ይነግረናል። ክብረ ነገሥት ማክዳ ይላታል፤ የእስልምና ሊቃውንት ቢልቂስ ይሏታል፤ ታሪኳም በቁርኣን በአን-ነምል ምዕራፍ አለ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶና ተዋልዶ በሚኖርበት ወሎ ሁለቱም ወገን የራሱ የሚላት ንግሥት ናት። አያትየዋ ይህን ሲያነሱ ትንሹ ልጅ የጠየቀው ጥያቄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፦ «ሰሎሞን ባያውቀው ኖሮ የማንን አገር ይሰጣት ነበር?»

ሰንዳፋና አለልቱ በዚህ ዓይነት ወሬ አለቁ። ሸኖ ስንደርስ የጨዋታው ሁለተኛ ሕግ ወጣ። አገር የተሰጠው ሰው ዝም ብሎ «ገብቼ» አይልም። በዚያ አገር ያለውን ነገር በስሙ ጠርቶ መብላት፣ መልበስ ወይም መሸጥ አለበት። ካላወቀ አገሩ ይመለስበታል። ልጁ ሸኖን አሸንፎ ወሰደና አፉን ከፍቶ ቀረ። ሸኖ ምን አለ? ዓይኑ ወደ አያቱ ሄደ። አያትየዋ ጎንበስ ብለው በጆሮው ነገሩት። «ሸኖ ገብቼ፣ የሸኖ ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ፈሶልኝ፣ የተረፈውን ሾላ ገበያ ሸጬ፣ ለእማማ ጫማ ገዝቼ!» መኪናው በሳቅ ሞላ፤ አያትየዋም ጫማውን ተቀበሉ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ልጆች «ስንት ቀረን?» እያሉ የሚያስጨንቁት መንገዱ ባዶ ሲሆንባቸው ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ከተማ የሚበላና የሚሸጥ ነገር ያለው ንብረት ከሆነ ግን ጥያቄያቸው ይለወጣል፤ «ቀጥሎ ማን ነው?» ይላሉ። «እዚያ ምን አለ?» ይላሉ። መልሱ ያለው ደግሞ ስልክ ውስጥ ሳይሆን ከጎናቸው ጋቢ ተከናንበው በተቀመጡት ሴትዮ ዘንድ ነው። በሌላ ቀን ቴሌቪዥን ፊት ዝም ብለው የሚውሉት አያት በዚህ መኪና ውስጥ ሁሉም የሚሻማቸው ሰው ሆኑ።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሜዳው አረንጓዴ ሆኖ፣ አደይ በየዳሩ ፈንድቶ፣ የበግ መንጋ አስፋልቱን እያቋረጠ ነበር። እዚህ ለመግዛት የሚሆን ነገር ሞልቷል። ብርድ ልብስ አለ፤ የፋብሪካውን ብርድ ልብስ ያልለበሰ የኢትዮጵያ ቤት ጥቂት ነው። የሱፍ ቆብ የሚሸጡ ልጆች አሉ። በ15ኛው መቶ ዘመን ከተማውን መቀመጫቸው ያደረጉት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አሉ፤ በሰማይ ታየ ስለሚባለው ብርሃን አባትየው አጫወታቸው። ልጅቷ ደብረ ብርሃንን ስትረከብ «ብርድ ልብሱን ለብሼ ከዘርዓ ያዕቆብ ጋር ቁርስ በልቼ» አለች። እኛም በልተን ተነሳን።

እንቆቅልሽ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ይሰለቻል። ይህንን የሚያውቅ ወላጅ ሳይሰለች ይቀይረዋል። ከከተማው ጥቂት ወጣ ሲሉ አባትየው የሰሌዳ ጨዋታን ጀመረ። በአሜሪካ ልጆች የሃምሳውን ስቴት ሰሌዳ እየፈለጉ መንገድ እንደሚያሳጥሩ ብዙ ሰው ሰምቷል። በዚያ ጉዞ ጊዜ የኛ ሰሌዳ ለልጅ ከዚያ የተሻለ ነበር፤ ቀለም፣ ቁጥርና ፊደል አንድ ላይ ይዞ ነበር። ቀይ ኮድ 1 ታክሲ፣ ሰማያዊ ኮድ 2 የቤት መኪና፣ አረንጓዴ ኮድ 3 የንግድ፣ ጥቁር ኮድ 4 የመንግሥት። «አአ»፣ «አማ»፣ «ኦሮ»፣ «አፋ» የሚሉት የክልል ፊደሎች ደግሞ መኪናው የማን አገር ልጅ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። አረንጓዴ አንድ ነጥብ፣ ሰማያዊ ሁለት፣ ጥቁር ሦስት፣ ከከተማ ውጭ የተገኘ ቀይ አምስት ተባለ። ትንሹ ልጅ ገና ማንበብ እየተማረ ነው፤ ቀለሙን ይጠራል። መካከለኛው ፊደሉን ያነባል። ትልቋ ትደምራለች። ሦስት ዕድሜ በአንድ ጨዋታ ማጫወት ከባድ ነው፤ ይኼ ግን ለሁሉም ድርሻ አለው። በዚህ መንገድ ተሳቢ፣ ሲኖትራክና አይሱዙ ስለማይጠፋ አረንጓዴው ቶሎ ይበዛል። ወደ ኮምቦልቻ ሲጠጉ «ኢት» የተጻፈባቸው ከባድ መኪናዎች ይጨምራሉ፤ በሚሌ በኩል ከጂቡቲ ወደብ የሚመጡት ናቸው። ባሕር የሌላት አገር ስኳሯና ማዳበሪያዋ በምን እንደሚመጣ ልጆቹ ነጥብ ሲቆጥሩ አዩት።

ከዚህ ሁሉ ለኔ የጣመኝ ግን የውሃ ጨዋታ ነው። ድልድይ ሲመጣ አባትየው «ይኼ ውሃ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ሁለት ብቻ ነው፤ ዓባይ ወይም አዋሽ። ደብረ ብርሃን ያለው በሬሳ ወንዝ ወደ ጀማ ይገባል፣ ጀማም ዓባይን ይቀላቀላል፤ ያ ውሃ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ይደርሳል። ጣርማበርን አልፈው ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ያለው የሮቢ ወንዝ ግን ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። አዋሽ ባሕር አያይም፤ አፋር በረሃ ውስጥ ካሉ ሐይቆች ገብቶ እዚያው ይቀራል። እነዚህ ሁለት ውሃዎች የተለያዩበትን ተራራ እኛ በመኪና እናልፈዋለን። ልጆቹ ይህን ካወቁ በኋላ ድልድይ እስኪመጣ አንገታቸውን አሰገጉ። «ኧረ ዝናቡ ራሱ ተራራው አናት ላይ ሲወድቅ ይጣላል ማለት ነው?» አለ መካከለኛው። «ግማሹ ግብፅ፣ ግማሹ አፋር!» ይህንን ዓረፍተ ነገር በጂኦግራፊ መጽሐፍ ብፈልግ አላገኘውም።

ጣርማበር ጉም ለብሶ ጠበቀን። ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነው ይህ ተራራ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተበሳው ዋሻ አለው፤ ርዝመቱ 600 ሜትር ገደማ ነው። ከመግባታችን በፊት ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ፤ እናትየው ባዶ የሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አውጥታ ለትንሹ ልጅ ሰጠችው። «ክዳኑን ክፈት። አየር ይግባበት። አሁን አጥብቀህ ዝጋው።» ልጁ ጥርሱን ነክሶ ጠመዘዘው። ፕላስቲኩን አያትየዋ ጭናቸው ላይ ይዘው እንዲቀመጡ ታዘዙ፤ ማንም እንዳይከፍተው።

ዋሻው ውስጥ ጨዋታው ቆጠራ ነው። ብርሃኑ ሲጠፋ ሁሉም ዓይኑን ይጨፍናል፣ በልቡ ይቆጥራል፣ ስንት ላይ እንደሚወጣ አስቀድሞ ይወራረዳል። ስንወጣ መካከለኛው ልጅ ከራሱ የፈጠረውን እንቆቅልሽ ለእህቱ አቀረበ፦ «አፉ ሁለት፣ ሆዱ ባዶ፤ ሰው ሲውጥ ይውላል፣ ማንንም አያኝክም።» እህቱ ወዲያው አወቀችው፤ እንዴት አታውቀው፣ ከሆዱ ገና መውጣቷ ነው። ግን አያትየዋ ሲያጨበጭቡለት ያየ ሰው ያሸነፈው እሱ ነበር ባይ ነው።

ከዚህ በኋላ ጨዋታውን መምረጥ የጤና ጉዳይ ይሆናል። ከጣርማበር እስከ ደብረ ሲና፣ ከዚያም በአርማንያ በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት በጥምዝ የተሞላ ነው። መኪና የሚያመው ሰው የሚታወቀው እዚህ ነው። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። በውስጠኛው ጆሯችን ያለው የሚዛን አካል መኪናው ሲታጠፍና ሲወርድ ይሰማዋል። ልጁ ግን ስልክ ወይም መጽሐፍ ላይ ካተኮረ ዓይኑ «ምንም አልተንቀሳቀሰም» ብሎ ለአንጎሉ ይናገራል። ሁለቱ ምስክሮች ሲጋጩ አንጎል ይታወካል፤ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይከተላል። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉ ልጆች በዚህ ይበልጥ ይጠቃሉ። ስልክ ይዞ ጣርማበርን የሚወርድ ልጅ ፌስታል በእጁ መያዙ አይቀርም። ስለዚህ በቁልቁለቱ ላይ ሰሌዳ ማንበብ ይቆማል፣ መጻፍ ይቆማል፤ ዓይን ወደ ሩቁ ተራራ፣ ጆሮ ወደ ጨዋታ ይሆናል። አያትየዋ ከቦርሳቸው ሎሚ አውጥተው ለየልጁ እንዲያሸት ሰጡ። ሾፌሩም በዚህ መንገድ ከማንኛውም ጨዋታ ውጭ ነው፤ ስሙ አይጠራም፣ ዳኝነት አይጠየቅም፣ ማንም ከቀበቶው አይፈታም፣ ከመስኮትም እጅ አይወጣም። እናትየው ይህን ከጨዋታው ሕጎች ሁሉ በላይ አድርጋ ነው የያዘችው፤ ልክም ናት።

ለቁልቁለቱ የሚሆነው ጨዋታ ተረት ነው። እናትየው ተረት የለመደችው በ2009 ዓ.ም. ካረፉት ከአባባ ተስፋዬ ሳህሉ ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልጆች ፕሮግራም ላይ የአገሩን ልጅ ሁሉ ያሳደጉት ሰው ናቸው። እሷ «ተረት ተረት» አለች፤ ከኋላ «የላም በረት» አሉ። የተረቱ ባለቤት ግን አንድ ሰው አይደለም። መንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ድንጋይ ሲመጣ ተራኪው ዓረፍተ ነገሩን ጨርሶም ይሁን ሳይጨርስ ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ስለ አንዲት ጭላዳ ጀመሩ፤ ገደሉ ላይ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ አይተዋልና። ጭላዳዋ ወደ አዲስ አበባ መሄድ ትፈልጋለች። አባትየው ላምበረት አደረሳት። መካከለኛው ልጅ የታክሲ ሰልፍ ላይ አሰለፋት። ትልቋ ወሎ ሰፈር ቤት አከራየቻት፤ ኪራዩ አልተቻለም። አያትየዋ ተራቸው ሲደርስ አዘኑላትና ወደ ገደሏ መለሷት። ትንሹ ልጅ ተቃወመ፤ እሱ ትምህርት ቤት ሊያስገባት ነበር። ቀጣዩ ድንጋይ እስኪመጣ ተጨቃጨቁ፣ ጭላዳዋም በትንሹ ልጅ ፈቃድ አንደኛ ክፍል ገባች።

ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን። ገብሱ ትኩስ ነበር፤ ለጆሮም መድኃኒት ነው፤ ሲያላምጡ ጆሮ ይከፈታል። ፕላስቲኩ በዚህ ጊዜ አንድ ጎኑ ትንሽ ሰርጎድ ብሏል። አርማንያ ስንደርስ «ቋ» የሚል ድምፅ አሰማ፤ አያትየዋ ደንግጠው «ቢስሚላህ» አሉ። ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሁለት ጎኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ወገቡ ቀጥኖ፣ በመዳፍ የጨበጡት መሰለ። ሙቀቱ ፊታችንን ሲመታን ሹራቦች ወለቁ። ልጆቹ በአያታቸው ጭን ዙሪያ ተሰበሰቡ። «ማን ጨበጠው?»

እናትየው መልሱን በእንቆቅልሽ ሰጠች፦ «አይታይም፣ አይዳሰስም፤ ቀኑን ሙሉ ትከሻችን ላይ ተቀምጦ አይከብደንም።» አየር ነው። ሸዋ ሮቢት ከፍታዋ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። ከጣርማበር አናት እስከዚህ ድረስ ከ1,700 ሜትር በላይ ወርደናል። ከላይ ያለው አየር የሳሳ ነው፤ እዚያ ፕላስቲኩ ውስጥ የዘጋነውም የሳሳውን ነው። ወደ ታች ስንወርድ ከውጭ ያለው አየር እየተጫነ ይመጣል፤ ውስጥ ያለው ሊቋቋመው አልቻለም፤ ስለዚህ ፕላስቲኩ ተጨመደደ። ጆሯችንን የደፈነውም ይኸው ጫና ነው። ትንሹ ልጅ ክዳኑን እንዲከፍት ተፈቀደለት። አየሩ ስስ ብሎ ሲገባ ፕላስቲኩ እየተንጣጣ ወገቡን ሞላ። ልጁ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ ሰማው። ከዚያ በኋላ በቀረው መንገድ ሁሉ፣ ከተማ በደረስን ቁጥር ፕላስቲክ ስጡኝ ይል ነበር።

ሸዋ ሮቢት ላይ ፓፓያ በላን። አባትየው ዛፍ ጥላ ሥር በጣቱ አፈሩን ፈልፍሎ በጠጠር ገበጣ አሳያቸው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ያለውን የገበጣ ዓይነት ዘርዝረው ጽፈዋል፤ ከቦታ ቦታ ጉድጓዱም ደንቡም ይለያያል። ለመኪና አይሆንም፣ ጠጠሩ ይበተናል። እግር ለማፍታታት በቆሙበት ግን ሩብ ሰዓት ያጫውታል፤ መሬቱም ከየትኛውም ሰሌዳ ይበልጣል።

ከሸዋ ሮቢት በኋላ ሜዳ ነው፤ መንገዱ ቀጥ ይላል፤ እንቅልፍ ይመጣል። ለዚህ ሰዓት የተቀመጠው የፊደል ሰንሰለት ነው። አንዱ የቦታ ስም ይጠራል፣ ቀጣዩ በመጨረሻው ፊደል ቤት የሚጀምር ቦታ ያመጣል። ድምፁ ካዕብም ይሁን ሳድስ ግድ የለም፤ ቤቱ ይያዝ። በዓይኔ ፊት እንዲህ ሄደ፦ ደሴ፣ ሰቆጣ፣ ጣርማበር፣ ራያ፣ የጁ፣ ጅማ፣ መቀሌ፣ ላሊበላ፣ ለጋምቦ፣ ባቲ፣ ተንታ። ለጋምቦንና ተንታን ያመጡት አያትየዋ ናቸው። ልጆቹ «እንደዚህ የሚባል አገር የለም» ብለው ሊያባርሯቸው ነበር። «የለም? እናቴ የተዳረችበት አገር የለም?» አሉ። ከዚያ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ከየት እንደመጣ፣ የሙስሊሙ አጎት ለክርስቲያኑ የእህት ልጅ በዓል እንዴት ሁለት በግ እንደሚያሳርድ፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ እጅ እንዲታረድ፣ ሰንሰለቱ ቆሞ ወሬው ቀጠለ። ለዚህ የሚሆን ነጥብ አልነበረንም። በ«ሠ» እና በ«ሰ» ምክንያት ግን ጭቅጭቅ ተነሳ፤ እናትየው ለጨዋታ ሲባል አንድ ናቸው ብላ ፈረደች።

ሰንበቴን አለፍን፤ እሑድ ስላልነበረ ገበያዋን አላየንም። አጣዬ ስንደርስ ትልልቆቹ ዝም አሉ። ይህ መንገድ ባለፉት ዓመታት ብዙ አይቷል፤ የተዘጋበት ጊዜ ነበረ፤ ከመነሳቱ በፊት ስልክ ደውሎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ሳይል የሚወጣ ቤተሰብ የለም፣ አሁንም እንዲያ ይደረግ። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በግጭት ተቃጥላለች። ልጆቹ ዝምታውን አዩና ጠየቁ፤ እናትየው ለዕድሜያቸው በሚሆን ቃል ነገረቻቸው። መካከለኛው ልጅ ጥቂት ቆይቶ፣ «አጣዬን መስጠት ይቻላል?» አለ። የመለሱት አያትየዋ ናቸው። «ይቻላል ልጄ። ግን አጣዬን የወሰደ ሰው ገብቼ በላሁ፣ ገብቼ ሸጥኩ አይልም። ገብቶ ቤት ይሠራላታል።» ቀጥሎ የተሸነፈው አባትየው ነበር፤ አጣዬን ሰጠ። ልጅቷ ትምህርት ቤት ሠራች፣ ወንድሟ ያልተጠየቀውን ዳቦ ቤት ከፈተ፣ ትንሹ ለሁሉም በር ገጠመ። እንደ ጋዜጠኛ ስለ ግጭት ብዙ ጽፌያለሁ። ስለ አንዲት ከተማ ለልጅ መንገር የሚቻልበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

ከሚሴን ካለፍን በኋላ የቦርከና ወንዝ ከጎናችን መጣ። «አዋሽ!» ብለው ሦስቱም ጮኹ፤ አሁን ማንም አይጠይቃቸውም። አባትየው ፍላሹን ሰካና የቅኝት ጨዋታ ከፈተ። ይኼ ለወሎ ልጅ የተቀመጠ ጨዋታ ነው። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺሆዬ ሁለቱ የወሎ አገሮችን ስም የያዙ ናቸው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ወደ አፋር መውረጃው ላይ ያለችው የሰኞ ገበያ ከተማ ናት። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ነው፤ ግሸን ማርያም ያለችበት አገር። ሁሉም ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ ይዞ ይሠራል፤ ልዩነቱ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ልጆቹ ይህንን በቃል አላወቁትም፤ በጆሯቸው ግን ለይተውታል። ዘፈኑ እንደጀመረ ትንሹ «ይኼ የሚያስለቅሰው ነው» ይላል፤ ትዝታ ማለቱ ነው። ባቲን ከአምባሰል መለየት አስቸገራቸው። አባትየው በጉሮሮው አወጣላቸው፣ አያትየዋ አረሙት፣ ሾፌሩም ሜዳ ላይ ስለሆንን በፈቃድ ጨዋታው ውስጥ ገባና አባትየውን ደግሞ አረመው።

ሐርቡ ስንደርስ የልጆቹ ሀብት ሃያ ከተማ ገደማ ደርሶ ነበር። አያትየዋ ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና ቀኑን ሙሉ ያልጠየቁትን ጠየቁ። «እንቆቅልሽ!» ለትልቋ ነው። «ምን አውቅልሽ እማማ!» «ቁጥር እንጂ ቃል የማያውቅ፣ ቆሞ የሚያድር የመንገድ ዘበኛ።» ልጆቹ ተማከሩ። ወታደር፣ ትራፊክ፣ ስልክ እንጨት አሉ። ከመስኮቱ ውጭ ሁለት ጊዜ አለፈ፣ አላዩትም። የኪሎ ሜትር ድንጋይ ነበር፤ ተረት ሲያስተላልፉበት የዋሉት። አገር መስጠት ግድ ሆነ፤ ምን እንስጣቸው የሚለው ግን ጠብ አስነሳ። ሸኖን እንስጥ፣ ቅቤ ይወዳሉ፤ የለም ሸዋ ሮቢትን፣ ይሞቃቸዋል። ትንሹ ልጅ ከሁሉም ቀደመ፦ «ወሎ ሰፈርን ሰጠሁሽ!» አያትየዋ ለአፍታ አሰቡ። «ወሎ ሰፈርማ ገና ሜዳ ሳለ የገባሁበት ነው። የኔን ለኔ ትሰጠኛለህ? ሌላ አምጣ!» አሉ። ኮምቦልቻን ሰጣቸው፤ ያኔ ገና እየገባን ነበር፤ ትልቋ «አላለፍነውም!» ብላ ብትጮህም ለአያት ተፈቀደ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ያለው ዳገት አጭር ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም ስላለው ግን ሎሚው እንደገና ወጣ። 2,500 ሜትር ላይ ያለችው ከተማ መብራቷን ማብራት ጀምራ ነበር።

ከሳምንት በኋላ በመልሱ መንገድ ጨዋታው ይገለበጣል። አንድ ከተማ ከመድረሱ በፊት ልጆቹ ባለፈው እዚያ ያዩትን አንድ ነገር መናገር አለባቸው፤ ካልቻሉ ከተማው ለአያትየዋ ይመለሳል። ፕላስቲኩም ተገልብጧል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ የዘጉት ጣርማበር ላይ ተነፍቶ፣ ሲከፈት ፍስስ ይላል። ላምበረት ሲደርሱ ምሽት ሆኖ ነበር፤ ከመገናኛ እስከ ወሎ ሰፈር መንገዱ ተዘግቷል፤ መኪኖቹ ተደርድረው መብራታቸው ብቻ ይታያል። ልጅቷ ለወንድሟ፣ «እንቆቅልህ!» አለች። «ምን አውቅልሽ!» «400 ኪሎ ሜትር በቀን ይሄዳል፣ አምስቱን ኪሎ ሜትር አይጨርስም።» ልጁ «የኛ ሚኒባስ» አለ፤ ትክክል ነበር፤ ስለዚህ ማንም ምንም አገር አልሰጠም፣ እሱም በተራው አዲስ እንቆቅልሽ ማሰብ ጀመረ።